ርግቧን ጣለ የተባለው ስፌት

«አንቺ ነሽ የጋሽ መኩሪያን አውሮፕላን የጣልሻት?»

እንዲህ የተባልኩት ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፌንተን ስትሪት ላይ ካለ የሐበሻ ሱቅ ወረፋ ይዤ ነው። ሴትየዋን አላውቃትም። በአንድ እጇ የሽሮ ላስቲክ በሌላው የመኪና ቁልፍ ይዛ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ጫማዬ ላይ ስትደርስ ቆመች። «እኔ ነኝ፤ ምነው፣ አንቺ ላይ ነው እንዴ የወደቀችው?» አልኳት። ከኋላችን የነበረው ሰውዬ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ሰውዬው ስትሮክ መቷቸው አልጋ ላይ ናቸው። ሄደሽ እግራቸው ላይ ብትወድቂ ምን ይቀርብሻል? ስንት ዓመት የለፉባትን» አለችኝና ከፍላ ወጣች። ወሬው ጋሼ ከሚኖሩባት ከወንዝ ማዶዋ አሌክሳንድሪያ ተነስቶ ጎረቤቷ በርክ ከተማ እንደደረሰ አውቅ ነበር። ሴትየዋ መኪናዋ ላይ የለጠፈችውን የትምህርት ቤት ምልክት ሳይ ደግሞ ጀርመንታውንም መድረሱን አወቅኩ።

ሠላሳ አምስት ሞልቶኛል። ትዝታ ለመጻፍ ገና ነሽ የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። እኔ የምሠራው ጆርጂያ አቬኑ ላይ የልብስ ማስተካከያ ቤት ነው፤ የፈረንጅ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ የሙሽራ ቀሚስ አጠባለሁ። ከጎናችን የጥፍር ቤት አለ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ያ የጥፍር ቀለም ሽታ፣ የበሰለ ሙዝና ቤንዚን የተቀላቀለ የሚመስለው፣ ግድግዳውን አልፎ ይመጣል፤ አብረውኝ የሚሠሩት አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔ አልይዝም። ያ ሽታ ለእኔ ዱክ ስትሪት ያለው የጋሼ መኩሪያ ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ነው፣ የአውሮፕላን ክንፍ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።

ያኔ ሰው አሜሪካን የሚያውቀው በስልክ ካርድ ነበር። የአምስት ዶላሩ ካርድ ሁለት ሰዓት ያስወራል ተብሎ ተጽፎበት አርባ ደቂቃ ላይ እናትሽን ዓረፍተ ነገር መሐል ይቆርጣታል። ቤንዚን ርካሽ ነበር፤ ታክሲ የሚነዱት ሐበሾች ሁለት ዶላር ሊገባ ነው ብለው እንደ ለቅሶ ያወሩት ነበር። ሴቱ ሁሉ ከወገብ የወረደ ጂንስ ይለብሳል፤ ስንቀመጥ ጀርባችን ይበርደናል፤ ትልልቅ ቀለበት ጉትቻ፣ የሚታጠፍ ስልክ፣ ስልኩ ላይ የሚንጠለጠል አብረቅራቂ ነገር። ሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ከተማው ገና እየፈረሰ እየተሠራ ስለነበር አንድ ሰሞን ባዶው ቦታ ላይ የፕላስቲክ ሣር አነጠፉበትና ወጣቱ እዚያ ተንጋሎ ይውል ነበር። ቅዳሜ በቀዩ መስመር ባቡር ሄጄ እንደነሱ ተንጋልዬ፣ ከሆነ ልጅ መኪና የሚወጣ ዘፈን ሰምቼ እመለስ ነበር። አገር ቤት የሆነ ነገር ተነስቶ እዚህ ያለው ሰው ጥቁር ለብሶ ሰልፍ ይወጣል፤ ስለምን እንደሆነ ጠይቄም አላውቅ። የኔ ጭንቅ ሌላ ነበር።

ጋሼ መኩሪያ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አገር ቤት የቴክኒክ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ መምህር ነበሩ፤ አሌክሳንድሪያ ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ያስተዳድራሉ። እኔን ያስመጡኝ እሳቸው ናቸው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሽሮ ሜዳ ጥልፍ ቤት ስሠራ፣ እናቴ «ስንዱ መርፌ ይዛ ተወለደች» ብላ በስልክ ነገረቻቸው። ዘመድ ስለሆንኩ ያስመጡኝ መስሎኝ ነበር። የደረስኩ ዕለት ቤዝመንት ይዘውኝ ወርደው አልጋዬን ሳያሳዩኝ አውሮፕላኗን አሳዩኝ።

የድሮ የጀርመን አውሮፕላን አምሳያ ናት፤ ጀርመኖቹ ራሳቸው «ርግብ» ነው የሚሏት። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራች፣ ወታደር ያደረጓት ግን ወታደር የማትመስል። የጋሼዋ አምሳያ ክንፏ ከጫፍ ጫፍ አራት ሜትር የሚሆን፣ ሞተር ያላት፣ በሪሞት የምትበር ናት። ያኔ ስለ አውሮፕላን የማውቀው የተሳፈርኩበትን ብቻ ነበር፤ ይህቺ ግን ክንፏ ወደ ጫፉ እየሰፋ ወደ ኋላ የተቀለበሰ፣ ጭራዋ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ላይዋም ታችዋም በሽቦ የተጠላለፈ ነገር ናት። ጋሼ ስለሷ ሲያወሩ ሌላ ሰው ይሆናሉ። የክንፏ ቅርጽ ከዘር ነው የተወሰደው ይላሉ፤ እስያ ጫካ ውስጥ ያለ ሐረግ አለ፣ ዱባ የመሰለ ፍሬው ሲፈነዳ ዘሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ክንፍ አውጥቶ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። «አየሽ፣ ፈጣሪ የሳለውን ነው የገለበጡት። ከዚያ በፊት አንዱ ጀርመን ጉብታ ሠርቶ ክንፍ ታጥቆ እየዘለለ ሲማር ተሰብሮ ሞተ። ሰው እየሞተ ነው የተማሩት። አንቺ ግን ዳቦ እየበላሽ መማር አቃተሽ።» ሁልጊዜ መጨረሻው እኔ ጋ ነው የሚያርፈው።

ያቺ አውሮፕላን ስትዞር እንደዛሬዎቹ ክንፏ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር የላትም። ሽቦው ሲሳብ ክንፉ ራሱ እንደ ወፍ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ልብሷ ከተላላ ትሞታለች፤ ከተወጠረም ትሞታለች። ልብሷ የተልባ እግር ጨርቅ ነው። እያንዳንዱን የእንጨት ጎድን በረጅም መርፌ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እየወጋሁ፣ በየሁለት ጣቱ እየቋጠርኩ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ያን የሚሸተውን ቫርኒሽ ይቀቡታል፤ ሲደርቅ ጨርቁ ይጠብቅና እንደ ከበሮ ይጮሃል። ብርሃን ላይ ሲያቆሟት ጎድኖቿ ይታያሉ። በጦርነቱ ጊዜ ከፍ ካለች ከታች ያለው ሰው አያያትም ነበር፤ ጨርቋ ሰማይ ያሳልፋል፤ አብራሪው ቦምቡን በእጁ ይወረውር ነበር ይላሉ ጋሼ። ነጠላ የለበሰች ገዳይ ናት አልኳቸው አንድ ቀን። «እንግዲህ እጅሽ ባይኖር ኖሮ ምላስሽ ብቻውን ምን ይሠራ ነበር?» አሉኝ።

ጋሼ ከሞተሩና ከሪሞቱ በቀር በርግቧ ዘመን ያልነበረ ነገር በዚች አውሮፕላን ውስጥ አይገባም ብለው ምለዋል። ከሱቅ የሚገዛ ነጭ የእንጨት ሙጫ የለም። ሙጫው ከወተት የሚወጣ ዱቄት ነው፤ በውኃ ይበጠበጣል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። የእንጨት ሠሪ አመላቸው ደግሞ ምላስ ነው። ሙጫው መድረሱን የሚያውቁት በትንሿ ጣታቸው ነክተው በመቅመስ ነበር። እራት ላይ ስለ ሙጫ ማውራት ይወዱ ነበር። ጀርመኖቹ ኋላ የሠሯት ባለ ሦስት ክንፍ አውሮፕላን አለች፤ ሰማይ ላይ የላይኛው ክንፏ እየተገነጠለ አብራሪዎቿን ገደለች። ሲመረመር ውስጧ እርጥበት ገብቶ ሙጫው ለቋል። «በሙጫ የቀለደ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው» ይሉና ሊያ ላይ ያፈጣሉ። ሊያ ልጃቸው ናት፣ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ። ጆሮዋ ላይ የሙዚቃ ማዳመጫ አለ፤ «ኦኬ ዳድ» ትላለች።

ዋልት የመጣው በዚያ በጋ ነው። ቀጭን ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ከማናሳስ ከተማ ወዲያ ለሙዚየሞች የድሮ አውሮፕላን የሚጠግንበት ቤት ያለው። ጋሼ ሥራቸውን ሊያሳዩት አመጡት። እሱ ግን ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ያየው ስፌቱን ነበር። ማን ሰፋው አለ። ጋሼ በአገጫቸው ጠቆሙኝ። ሰውየው ጣቱን በቋጠሮዎቹ ላይ እያስኬደ ቆየና የሆነ ነገር አለ። ጋሼ ወዲያው አልተረጎሙልኝም፤ የነገሩኝ ሚስታቸው እትዬ ዘውዴ ሲቆጧቸው ነው። «ክንፍ የሚያለብስ ሰው እፈልጋለሁ፤ አሁን የሚሰፉልኝ አሮጊት ዓይናቸው ደክሟል። ይቺ አውሮፕላን ስትበር ስፌቷን አየር ላይ ልየው፤ ከያዘ ትምጣ፣ የመኖሪያ ወረቀቷንም እኔ አሟላለሁ ብሏል» አሉኝ። ያን ቀን ቀሚሴን ይዤ ቤዝመንቱ ውስጥ ዞርኩ። በሰው ቤት ያለ ደሞዝ ከመስፋት ወጥቼ የራሴ ሥራ፣ የራሴ ወረቀት፣ የራሴ በር ሊኖረኝ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ቅዳሜ ላይ ተንጠለጠለ፤ ነሐሴ መሐል ላይ ባለች ቅዳሜ።

ግራ ክንፏ አልቆ ነበር። ቀኙን ጋሼ ልኩ አላምር ብሏቸው ሁለቴ አፈረሱት። በዚህ መሐል ፍልሰታ ገባ። ሙጫውን ሊበጠብጡ ቆርቆሮውን ከፍተው ቆሙና መልሰው ከደኑት።

«ምነው?» አሉ እትዬ ዘውዴ ከደረጃው ላይ።

«ወተት ነው።»

«ማን ብላ አለህ? አጣብቅ ነው የተባልከው።»

«ሳልቀምስ አልሠራም። ስንት ዓመት የሠራሁበት ነው።»

«ምላስህን ሰብስበህ አጣብቅ፣ አንተ ሰው። ሥላሴ ስለ ምላስህ ነው የሚጨነቁት?»

ጋሼን ጾም በማጥበቅ ደብሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ሊያ ቺዝ ስትበላ ካዩ ሳህኗን ያነሳሉ። ከቆዳና ከአጥንት የሚፈላው ሙጫም ያው ፍስክ ነው። ስለዚህ ወደ ኩሽና ወጥተው የስንዴ ዱቄት በውኃ አፍልተው አንድ ድስት ሙጫ ይዘው ወረዱ። በጣታቸው ነክተው ቀመሱ። ደስ አላቸው። ያ ሙጫ እኔ የማውቀው ነው፤ አንደኛ ደረጃ እያለሁ ደብተሬን የለበድኩበት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ደብተር ነው እንዴ?»

«ይሄም ያኔ ነበረ።»

«እርጥበት አይችልም እኮ። ባለ ሦስት ክንፏን እርስዎ አይደሉ የነገሩኝ?»

«ጨርቅሽን ስፊ። ክንፍ ስትሠሪ ትመክሪኛለሽ።»

ሰፋሁት። በላዩ ጨርቅ አለበስኩት፣ ቋጠርኩት፣ ቫርኒሹን ቀቡት። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱ ክንፎች መንታ ናቸው።

የዋሽንግተንን ነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ፎጣ ነው። ዋዜማውን ዘንቦ ነበር፤ አውሮፕላኗ ክፍት ፒክ አፕ ላይ በሸራ ተሸፍና አደረች። ጠዋት ሜዳው ላይ ጤዛው ጫማዬን አበሰበሰው። ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ነበር፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ብዬ ከቅናሽ ሱቅ የገዛሁትን፤ ፀጉሬን በካስክ ተሠርቼ። ዋልት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን አውለበለበልኝ። ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ አማተቡ፣ ሪሞቱን ያዙ። ርግቧ ሣሩ ላይ እየዘለለች ሮጣ ተነሳች።

ቆንጆ ነበረች። ይህን አልክድም። ፀሐይ ከላይዋ ስትሆን ጎድኖቿ አንድ በአንድ ታዩ፤ በስንቱ ላይ ጣቴን እንደወጋሁ አውቃለሁ፤ ከታች ሆኜ ስቆጥራቸው ጮክ ብዬ የምናገር ነበር የሚመስለኝ። ዋልት ከወንበሩ ተነሳ። ጋሼ አዞሯት። ግራ ክንፏ እንደ ወፍ ተጠመዘዘ። ቀኙ ሊጠመዘዝ ጀመረና ሳይመለስ ቀረ፤ እንደተጨበጠ ጆንያ ተሰበሰበ። ስትወድቅ ድምፅ አልነበራትም፤ መሬቱ ላይ ስትደርስ ብቻ ነው ሳጥን ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት የተሰማው።

ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። የቀኝ ክንፉ ጫፍ ድንጋይ መትቶት ጨርቁ ትንሽ ተቀዷል። እጄን በቀዳዳው ሳስገባ ጎድኖቹ ከሚሸከማቸው አግዳሚ እንጨት ተላቀው እንደ መሳቢያ ውስጥ ማንኪያ ይንኳኳሉ። ጣቴ ላይ እርጥብ ሊጥ ይዞ ወጣ። ጋሼ ከላዬ ቆመው ጣቴን አዩ። እኔም እሳቸውን አየሁ። ዋልት እያለከለከ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ሙጫው ነው። ስፌቴ አንዱም አልተፈታም። ይንገሩት» አልኳቸው። የኔ እንግሊዝኛ ያኔ ከ«ሃው መች» አያልፍም።

ዋልት ምን አለች አላቸው። ጋሼ ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። የተቀደደውን ጨርቅ በጫማቸው ጫፍ ነካ አድርገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩት። «ሶሪ» የሚለውን ሰማሁ። እሱን ማንም ያውቃል። ያዘኑልኝ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩ፣ አዎ፣ አዎ ብዬ። ዋልት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ስንመለስ ሃይዌዩ ላይ ሊያ ማስቲካዋን እያኘከች ከኋላ ወንበር ጠጋ አለችኝ። ጋሼና እትዬ ዘውዴ ፒክ አፑ ውስጥ ነበሩ፤ እኛ የጎረቤታቸው መኪና ውስጥ። «ለምን አንቺ ነኝ አልሽ?» አለችኝ በዚያ በተሰባበረው አማርኛዋ።

«ምን አልኩ?»

«ዳድ እኮ፣ ሶሪ ነው የምትለው፣ ጥንቃቄ ጎደለኝ ነው የምትለው አለው። አንቺ ደግሞ ራስሽን እንዲህ አደረግሽ።» ነቀነቀችልኝ። ትንሽ ሳቀች። «አክቹዋሊ ኢትስ ካይንድ ኦፍ ፈኒ፣ ያስቃል እኮ።»

ዋልት ሌላ ሰው ቀጠረ። እኔ ሌላ መሄጃ ስላልነበረኝ እስከ ጥምቀት እዚያው ቤት ቆየሁ። ጋሼ የወደቀውን ክንፍ ጣሉት? አልጣሉትም። ቤዝመንት ወስደው ከአልጋዬ በላይ በሽቦ ሰቀሉት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይዘውት ይወርዳሉ። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እያለሁ «ይሄን ያህል ለፍቼ በአንዲት ስፌት ቀረ፤ እሷ ናት፣ የእህቴ ልጅ ናት፣ ምን አደርጋለሁ» ይላሉ። እንግዳው ከንፈሩን ይመጣል፤ ለሳቸው። አንዷማ «አይዞሽ፣ ሁሉም ሰው ሥራ አይሆንለትም» አለችኝ። በጥምቀት ማግስት በአንድ የላስቲክ ከረጢት ልብሴን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ ሦስት ሴቶች ያሉበት ክፍል ገባሁ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛውን ተማርኩ። የዱክ ስትሪቷን አቅጣጫ ግን ባስ ውስጥ ሆኜ እንኳ አላየሁም።

ሱቁ ውስጥ ያቺ ሴት በተናገረችኝ ሳምንት ሊያ ኮል አደረገችኝ። አሁን ነርስ ናት። እናቷ ሞተዋል። ድምፅዋ ደክሟል። «ስንዱ፣ ዳድ ኢንግሊሹ ጠፋ። ዶክተሩ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ይሄዳል አለኝ። አማርኛ ብቻ ነው፣ እሱም ተበላሽቷል። ሙሉ ቀን አንድ ነገር ይላል፣ አይገባኝም። ያንቺን ስም ይላል። ፕሊዝ።»

እሑድ ከሰዓት ሄድኩ። መርፌ ቦርሳዬን ይዤ። ቤቱ ያው ነው፤ ምንጣፉ ተለውጧል። ጋሼ ሳሎን መስኮቱ ሥር ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናቸው፣ ግማሽ ፊታቸው ወርዷል፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ። አውሮፕላኗ ከቤዝመንት ወጥታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ሰላም አልኳቸው፤ እጃቸውን አልሳምኩም።

ቋንቋቸው ተሰባብሯል እንጂ ለጆሮዬ አልጠፋኝም። አገር ቤት ያስተማሯቸው ተማሪዎች የፊታችን ቅዳሜ ሊያከብሯቸው ይመጣሉ። ርግቧን ወስደው አዳራሽ ውስጥ ሊሰቅሏት ነው። ክንፏ እንዲህ ተቀዶ አይሰቀልም። «ስፊ... ስፊልኝ» ይሉኛል፣ በጤናው እጃቸው እየጠቆሙ። ለሊያ ነገርኳት። ሊያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ዛትስ ኢት? ለሱ ነው? ሁለት ወር እኮ። እየሞትኩ ነው የሚለኝ መስሎኝ ነበር።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ግራ ክንፉን በቡጢ መታሁት፤ ድንጋይ። ቀኙን ወደ ጋሼ እግር ሳብኩና ስፌት መፍቻዬን አወጣሁ።

«ለምን ትፈቺዋለሽ?» አለች ሊያ።

«ከውስጥ ነው የሚጠገነው።»

ቋጠሮዎቼ አንዱም እሺ አላለኝም። አንድ በአንድ ነው የቆረጥኳቸው፤ ጣቴ እስኪቀላ። ጋሼ «ተይ» አሉ። ቀጠልኩ። «ተይ» አሉ ደግመው። ጨርቁን ገልጬ ክንፉን ከጫፉ አንስቼ ጉልበታቸው ላይ ሳዘነብለው ጎድኖቹ ተራ በተራ እየተንሸራተቱ ብርድ ልብሱ ላይ ፈሰሱ፤ አብሯቸው ነቀዝ የበላው ቢጫ ዱቄት። ሊያ አንዱን አንስታ ጫፉን አየች፣ በጥፍሯ ፈገፈገችው፣ ያው ቢጫ ብናኝ ወለሉ ላይ ወረደ።

ከጎድኖቹ አንዱን መርጬ ጋሼን በጤነኛ እጃቸው አስያዝኳቸው።

«ይቅመሱት፣ ጋሼ። እንደ ድሮው። የጾም ነው።»

እጃቸው ወደ አፋቸው ተነሳ። ልማድ ይሁን በሽታው አላውቅም፤ ምላሳቸው ወጥቶ እንጨቱን ነካ። ከዚያ ዓይናቸውን ከእኔ ወደ ሊያ፣ ከሊያ ወደ በሩ አዟዟሩ። ለመናገር ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ምራቃቸው አገጫቸው ላይ ወረደ።

«ክደኚው... ስፊው። ልጆቹ... ሳያዩ።»

ሊያ ወንበሩ ሥር ተንበረከከች። «ምን አለ? ስንዱ፣ ምን አለኝ?»

«ሶሪ ነው የሚሉት» አልኳት በእንግሊዝኛ፣ ያኔ ለዋልት እንዳሉት ቃል በቃል። «ጥንቃቄ ጎደለኝ ነው የሚሉት።»

ሊያ ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ፣ እንጨቶቹ መሐል አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ጋሼ ራሳቸውን ወዲህና ወዲያ አወዛወዙ። እሷ አቀፈቻቸው። መርፌዎቼን ከምንጣፉ ላይ ለቀምኩ፣ የክሩን ጥንጥን ጠቀለልኩ፣ ቦርሳዬን ዘግቼ ጫማዬን አጠለቅኩና በሩን ከኋላዬ ስቤ ወደ ባስ ፌርማታው ወረድኩ።